ሃያ አንድ ጥርስ፦ ከማዮ እስከ ባሕሪ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከካርቱም ዳርቻ፣ ከማዮ ስነሳ ዘንቢሌ ውስጥ ሁለት ነገር ይዤ ነበር። አንዱ በጨርቅ የጠቀለልኩት የተበላ ብረት ነው። ሌላው በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሰም ነው። የጉዞዬ ዓላማ በተበላው ብረት ምትክ አዲስ አስቆርጬ መመለስና መኪናችንን እስከ እሑድ ጠዋት ማስነሳት ነበር።

ለምን እሑድ እንዳልኩ ልናገር። ባለቤቴ ታደሰ ኩላሊቱ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሑድና ረቡዕ፣ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። እኛ ያለንበት የማዮ ጥግ ደግሞ በክረምት መንገድ የለውም። ታክሲ አይገባም። ረክሻ፣ ባጃጁ ማለቴ ነው፣ ይገባና አይወጣም። ከዚያ ጭቃ የምትወጣው አራቱም ጎማዋ የሚጎትተው የእኛ መኪና ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ማክሰኞ ቆመች። ረቡዕ ታደሰን በአህያ ጋሪ፣ እዚህ ካሮ በሚሉት፣ እስከ አስፋልቱ ልናወጣው ሞከርን። መንገድ ላይ አስታወከውና ራሱን ሊስት ደረሰ። አስፋልቱ ላይ ሦስት ታክሲ ቆሞ አየውና ሄደ። መኪናቸው ውስጥ እንዳይሞት ፈሩ። አልፈርድባቸውም። ይዘነው ተመለስን። የእጥበቱ ክፍል ነርስ በስልክ፣ «ውኃ በልክ፣ ሙዝ የለም፣ ጨው የለም። እሑድ ግን የግድ ይምጣ» አለችኝ። «ካልመጣስ?» አልኳት። «የግድ ይምጣ» ብላ ደገመችው።

መኪናዋ የታደሰ የእጅ ሥራ ናት። ሾፌርም መካኒክም በነበረበት ጊዜ አካሏን ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና፣ ሞተሯንና ካምቢዮዋን ከጃፓን ፒክአፕ ወስዶ ገጣጠማት። የጃፓኑና የእንግሊዙ እንዲያያዙ መካከላቸው አንድ የብረት እጅጌ አስገባ። አንድ ስንዝር የማይሞላ ወፍራም ቱቦ ነው፤ በውስጡ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ አለው። በአንዱ ጫፍ አሥር፣ በሌላው ሃያ አንድ። የካምቢዮው ዘንግ በሃያ አንዱ በኩል ይገባና እጅጌውን ያዞራል፤ እጅጌው ጎማዎቹን ያዞራል። ሃያ አንዱ ጥርስ ተላጭቶ እንደ አምባር ልሙጥ ሆነ። አሁን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም።

«ይህ ዕቃ የትም አይገኝም» ይላል ታደሰ። «በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው።» ታሞ ተኝቶም ይህን ሲናገር ይኮራል። እኔን ያናድደኛል።

ጎረቤታችን ግርማ መካኒክ ነው። እጅጌውን ፈትቶ ያወጣው እሱ ነው። ሲያወጣው፣ «ጋሼ፣ ካምቢዮውን ልክፈትና ዘንጉንም ላውጣው። ቶርኖ ቤቱ ዘንጉን ሳያይ ጥርስ ሊቆርጥ አይችልም» አለው።

«እኔ የዘጋሁትን ካምቢዮ ማንም አይከፍተውም።»

«ታዲያ ልኩን በምን ይወስዳሉ?»

«በሰም።»

ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ለቅዳሴ ያስቀመጥኩት አሥራ ሁለት ጧፍ ነበረኝ። እመቤቴ ማርያም ይቅር ትበለኝ፤ ክሩን ከውስጡ ስቤ አውጥቼ ሰሙን በሙቅ ውኃ አለሰለስኩት። ግርማ መኪናዋ ሥር ገብቶ ከካምቢዮው በወጣው የዘንግ ጫፍ ዙሪያ ጠፈጠፈው፣ ሲደርቅ ቀስ አድርጎ ሳበው። የዘንጉ ጥርሶች ሰሙ ላይ ታትመው ወጡ። አምሮ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት።

አርካዊት

የማዮን ጭቃ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ከአስፋልቱ እስከ አርካዊት ሐፍላ፣ ማለትም ሚኒባስ፣ ሁለት መቶ የሱዳን ጂኔ አስከፈለኝ። አርካዊት ሐጃ ነፊሳ ቤት ምግብ አበስላለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ፈቃድ ልጠይቅ ገባሁ።

ሐጃ ነፊሳ ብረቱን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት። «ይህን ለማሠራት ነው ባሕሪ የምትሄጂው? ወንድ የለም?»

«ወንዱ ተኝቷል።»

«አላህ ይማረው። ሂጂ እንግዲህ። ሰፈሩ ሁሉ ኸራጥ ነው፤ ግማሹ ውሸታም ነው። ዑስማን የሚባል ሽማግሌ ጠይቂ። ወንድሜ የእህል ወፍጮውን ብረት ያሠራው እሱ ጋ ነው።»

ኸራጥ ማለት የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ሐጃ ዳቦና ፉል ጠቅልለው ሰጡኝ። ጾመኛ እንደሆንኩ ሲያስታውሱ፣ «ለታደሰ ውሰጂለት» አሉ። ታደሰ ፉል ተከልክሏል። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ በር ላይ ለዘበኛው ሰጠሁት።

ድልድዩ

ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ የሚሄደው ሐፍላ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ለእኔ የቀረችው ከሾፌሩ ጎን፣ ሞተሩ ላይ ያለችው ቦታ ናት። ዘንቢሌን እግሬ ሥር አደረግሁ። ኩብሪው ላይ፣ ድልድዩን እንዲህ ነው የሚሉት፣ አርባ ደቂቃ ቆምን። ከታች ዓባይ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ውኃው ከአገሬ አፈር ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ቤንዚን ሰልፍ፣ ስለ አማቹ ነገረኝ። እኔ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር። የዓርብን ውዳሴ ከሐሙሱ ጋር ቀላቀልኩት መሰለኝ፤ አማቹ ብዙ ጥፋት ነበረው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባሕሪ ኢንዱስትሪ ሰፈር ወረድኩ። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ዘይት ጠጥቷል። በሁለቱም ወገን ወርሻ፣ የብረት ሥራ ቤት፣ ነው። መስከረም ላይ እንደሚፈነዳ አበባ የብየዳ ብልጭታ በየበሩ ይታያል፤ ልዩነቱ ይኼኛው ዓይን ያጠፋል።

ዑስማንን ስጠይቅ ማንም ሰው «እዚያ ነው» ብቻ ብሎ አያልፍም። «ምን ልታሠሪ ነው? አሳዪኝ» ይላል። መጀመሪያ ያሳየሁት ወጣት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። እጅጌውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና እጅጌውን አየ።

«ለዚህ የሚሆን መቁረጫ አገር ውስጥ የለም፣ ያ ኻላ» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። «ከዱባይ ማስመጣት ነው።»

«በስንት ቀን ይመጣል?»

«ሁለት ወር። ኢንሻአላህ።»

ሁለተኛው በያጅ ነበር። ብረቱን እንኳ አልተቀበለኝም። «መኪናውን አምጪው፤ እጅጌውንና ዘንጉን አንድ ላይ በይጄ አጣብቅልሻለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞትሽ አይላቀቅም።»

«መኪናው ቆሟል። የመጣሁትም እሱ ስለቆመ ነው።»

«አስጎትቺው።»

ለታደሰ ደውዬ በያጁ ያለውን ነገርኩት። ድምፁ ደክሞ ነበር፤ ብየዳ የሚለውን ሲሰማ ግን ነቃ። «ሰውዬውን አቅርቢልኝ» አለ። ስልኩን ለበያጁ ሰጠሁት። በያጁ ትንሽ አዳመጠና ስልኩን መለሰልኝ። «ባልሽ አልታመመም» አለኝ።

ኡስታ ዑስማን

ወርሻው ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ነው። ሽማግሌው ቀጭን ነው፤ ሁሉም ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያ፣ ይለዋል፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አስሮታል። ቶርኖው ከእሱ ይበልጥ ያረጀ ይመስላል። ብረቱን ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ውስጡን ዳሰሰ። ቀጥሎ ቆርቆሮውን ሰጠሁት። ከፍቶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው፣ ኡስታ። የዘንጉ ልክ።»

«ዘንጉ የት አለ?»

«ማዮ። ካምቢዮው ውስጥ ነው። ባለቤቴ አይከፈትም አለ።»

«ሰም ቃሉን አይጠብቅም። ዘንጉን አምጪልኝ።»

ታደሰ ያለውን፣ ነርሷ ያለችውን፣ ስለ ረቡዕ፣ ስለ እሑድ ነገርኩት። በዐረብኛ ሳወራ ስቸኩል ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት አደርጋለሁ። ሳያርመኝ ሰማኝ። በመጨረሻ፣ «ልኩ ትክክል ነው፤ እኔ ነኝ የያዝኩት። ቁረጥልኝ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላ የሚመጣውን ስጽፍ ሰውዬውን አትውቀሱብኝ።

ሠላሳ ሺህ ጂኔ ጠየቀ፣ በሃያ ስድስት ተስማማን። ከጥግ የአንድ የጭነት መኪና አክሰል ቁራጭ ጎትቶ አመጣ። ይህ ብረት ሸክም የለመደ ስለሆነ አይበላም አለኝ። በመጋዝ ቆርጦ ቶርኖው ላይ አሰረ። መብራት ጠፋ።

አራት ሰዓት ተኩል ነበር። የመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ሻይ ይዛልኝ መጣች፤ ጾመኛ ነኝ አልኳት።

«ረመዳን አልፏል እኮ» አለ ኡስታ ዑስማን።

«የእኛ ሌላ ነው።»

«ባለፈው የመጣ ሐበሻም ጾመኛ ነኝ አለኝ። ከዚያ በፊት የመጣውም። እናንተ ሰዎች የምትበሉት መቼ ነው?»

«በመካከሉ።»

ሳቀ። ጥርሱ ሁለት ጎድሏል፤ ከእኛ እጅጌ ይሻላል።

መብራት ሲመጣ ብረቱን በስቶ የውስጡን ስፋት አወጣ። ጥርሱን መቁረጥ ግን መብራት አይፈልግም፤ ይህን ያን ቀን ነው ያየሁት። ማሽኑን አጥፍቶ እጅጌውን እንዳይዞር አሰረው። ስለታም የብረት ጥፍር በእጅ በሚዞር እጀታ በቀዳዳው ውስጥ ወደፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይስባል። በአንድ ጊዜ የሚነሣው ከፀጉር የቀጠነ ብረት ነው። አንዱን ጥርስ ለመጨረስ አርባ ጊዜ ያህል መግፋት አለበት። ከዚያ እጅጌውን ትንሽ ያዞርና ሁለተኛውን ይጀምራል። እኩል እንዲዞርለት ከኋላ አርባ ሁለት ጥርስ ያለው አሮጌ ማርሽ አሰረ፤ ሁለት ሁለት ጥርስ እየዘለለ ሲሄድ ሃያ አንድ ይሆንለታል። የአሥሩን ጥርስ ጎን ደግሞ ከአሮጌው እጅጌ ላይ ለክቶ፣ ማርሹን በሌላ ቀይሮ ቆረጠ፤ ያ ወገን ደህና ነበር።

ደንበኛ እየመጣ ሲያነጋግረው ቁጥሩ ጠፋበት። «ስንት ደረስኩ?» አለ ለራሱ።

«ሃያ ሰባት» አልኩት። መቁጠሪያዬን ይዤ እየቆጠርኩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ እኔን ብቻ ያየኝ ጀመር። እሱ ለሶላት ሲነሣ እኔም ወደ ዛፉ ሥር ዞር ብዬ ጸለይኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከቤት በያዝኩት ቂጣ ጾሜን ፈታሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረሰ። የመጀመሪያውን ጥርስ በነጥብ ምልክት አድርጎ ሰጠኝ። አዲሱ ብረት እንደ ሕፃን ይከብዳል። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ሲመሽ ማዮ ገባሁ።

ግርማ ፋኖስ ይዞ መኪናዋ ሥር ገባ። ስንሰማው አንድ ጊዜ ብረት መታ። ሁለት ጊዜ መታ።

«እትዬ አስካለ» አለ ከሥር።

«ገባ?»

«የጣት ጥፍር ያህል ገብቶ ቆመ።»

ያን ቀን ያላለቀስኩት ጭቃው ላይ ቆሜ ስለነበር ነው። መቀመጫ ቢኖር ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር።

ዓርብ

ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ወርሻ ሁሉ ዝግ ነው። በዚህ ከተማ ለአንድ ብረት አንድ ቀን ሙሉ መጠበቅ ቀላል ነገር ነው። ለእኛ ግን ያለን ቀን ሁለት ብቻ ነበር።

ታደሰ ጠዋት ሲነሣ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠብቧል። ጋደም ካለ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሦስት ትራስ ደርበን አስቀመጥነው። ምንም አልተናገረም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም። ስለ ብረቱ ሰድቦኝ ቢሆን እወድ ነበር።

ግርማ መጣ፤ በር ላይ ቆመ። ሁለታችንም የምንፈልገውን ለመናገር ፈራን። በመጨረሻ እኔ አልኩት።

«ታደሰ፣ ካምቢዮው ይከፈት።»

ግድግዳውን አየ። ከዚያ በእጁ ግርማን ጠራው።

«መጀመሪያ የታችኛውን ብሎን» አለ፤ በየቃሉ መካከል እየተነፈሰ። «ከፊት ያለው ቀለበት ይዘላል። በጨርቅ ያዘው። አትምታው።»

«አልመታም፣ ጋሼ።»

«ትመታለህ። አውቅሃለሁ። በእንጨት ምታው።»

ግርማ እስከ አሥር ሰዓት ሠርቶ ዘንጉን አወጣው። ክንድ የሚያህል፣ በጥቁር ዘይት የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ታደሰ እንዲያየው አልጋው ድረስ አመጣለት። ታደሰ ጫፉን በጣቱ ነካውና ዓይኑን ጨፈነ። በፎጣ ጠቀለልኩት። ማታ መጸለይ አቃተኝ፤ «እመቤቴ፣ አንቺው ታውቂያለሽ» ብቻ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ በሶባ በኩል

ቅዳሜ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ስደርስ የሐፍላው ከምሳሪ፣ ገንዘብ ሰብሳቢው ማለቴ ነው፣ «ሰልፍ አለ፣ ኩብሪዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል» አለኝ። በዚህ ከተማ ሰልፍ ያለ ቀን ድልድዮቹን በኮንቴይነር ይዘጋሉ። ወደ ሐጃ ነፊሳ ደወልኩ። «የሶባው ክፍት ነው ይላሉ፤ በዚያ ዙሪ» አሉኝ። ዙሪ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በምሥራቅ በኩል ከተማዋን ዞሮ ከሰሜን መግባት ነው። ሦስት መኪና ለወጥኩ። እያንዳንዱ የዕለቱን ሰልፍ ሰበብ አድርጎ ዋጋውን አንድ ተኩል አድርጎታል። ሦስተኛው ከምሳሪ መልስ የለኝም ብሎ በመልሱ ፈንታ ሁለት ማስቲካ ሰጠኝ። ጾም ላይ ነኝ።

ሶባ ድልድይ ላይ ፍተሻ ነበር። ወጣቱ ወታደር ዘንቢሌን ነካ፣ ከበደው። ፎጣውን ገለጠ። ጥርስ ያለው፣ ዘይት የተቀባ የብረት ዘንግ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመኪና ዕቃ ነው፣ ልጄ።»

«የምን መኪና? ሴት የመኪና ዕቃ ይዛ ትሄዳለች?»

«ባለቤቴ ታሞ ነው።»

«ኢንዚሊ» አለ። ወረድኩ። ሐፍላው ትቶኝ ሄደ። ዘንጉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሌሎቹን ጠራ። አንዱ የጠመንጃ አፈሙዝ መስሎት ቀዳዳውን ፈለገ፤ ቀዳዳ የለውም። ሌላው መታወቂያዬን አገላበጠ። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ልገልጽ ስሞክር፣ «ዝም በዪ፣ ያ ሐበሺያ» ይለኛል። ዝም ስል፣ «ለምን ዝም አልሽ?» ይለኛል።

ጢሙ የሸበተ ሹም ከጥላ ሥር ተነሥቶ መጣ። ዘንጉን በአንድ እጁ አነሣና ጥርሱን በአውራ ጣቱ ቆጠረ።

«የካምቢዮ መውጫ ዘንግ ነው። ጃፓን» አለ። «በሽፍትነት ዘመኑ አባትህ ይሸጠው ነበር» አለው ወጣቱን። ሌሎቹ ሳቁ። ወደ እኔ ዞረ። «እጅጌው ነው የተበላው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ሁልጊዜ እሱ ነው። ያላ፣ ሂጂ።» ቀጣዩን ሐፍላ በእጁ አስቆመልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ስሙን አላውቅም።

ብረት በብረት

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የኒሙ ዛፍ ሥር ደረስኩ። ኡስታ ዑስማን እጅጌውንም ዘንጉንም ተቀበለኝ። ሊያያይዛቸው ሞከረ፤ እንደ ግርማው የጥፍር ያህል ገብቶ ቆመ። የሐሙሱን ሰም ከመደርደሪያ አወጣና ከዘንጉ ጎን አስቀመጠው።

«ነይ እዪ፣ ኻላ።»

ሰሙ ላይ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች ከዘንጉ ጥርስ ጠበው ነበር። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘመም ብለዋል።

«የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ቆርቆሮ ውስጥ። በእርጥብ ጨርቅ።»

«ቆርቆሮውንስ?»

አሰብኩ። ሐፍላው ውስጥ፣ እግሬ ሥር፣ ሞተሩ ላይ። ድልድዩ ላይ አርባ ደቂቃ። ሰሙን ከፀሐይ ስጠብቅ በሞተር አሙቄዋለሁ። ጧፍ በካርቱም ሙቀት ሳጥን ውስጥ ሲታጠፍ ሃያ ዓመት አይቻለሁ፤ በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን ይዤ ስሄድ ጣቴ ላይ ይጎብጣል። ይህን እያወቅሁ አላሰብኩትም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «እንደ አዲስ ይቆረጥ? ለአዲስ የሚሆን ጊዜ የለኝም።»

መነጽሩን አደረገ። «የጠበበ ብረት ይሰፋል። የሰፋ ብረት ነው የማይጠበው። አንቺ ወደ ጥሩው ወገን ነው የተሳሳትሽው። ተቀመጪ፣ ቁጠሪ።»

ነጥብ ያደረገበትን ጥርስ ፈልጎ እጅጌውን መልሶ አሰረ። ከሐሙሱ ቦታ ላይ በትክክል ለማሰር ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ በፀጉር ልክ ቢዛነፍ ሃያ አንዱም ይበላሻል። ከዚያ ዘንጉን ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ያስገባል፣ ያወጣል፤ ቀለሙ የነካውን ቦታ ብቻ በብረት ጥፍሩ ይፍቀዋል። ዘጠነኛው ጥርስ ላይ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ ወርሻው ጨለም አለ። ቶርኖው በእጅ ስለሚገፋ ሥራው አልቆመም። በስልኬ አበራሁለት። ላቡ በመነጽሩ ላይ ሲወርድ አይቼ ውኃ ባቀርብለት አልጠጣም አለኝ። «አንቺ ሳትጠጪ» አለ።

ዘንጉ ሊገባ ደርሶ ሲመለስ፣ «ትንሽ ግፋው» አልኩት።

«በጉልበት ከገባ በጉልበት ይሰበራል። ቁጠሪ።»

ሥራው አሥር ሰዓት አለፈበት። ለመመለሻው ሦስት መኪና አለ፤ ሰዓቱን አየሁ፣ እሱም ሳየው አየኝ፤ አልፈጠነም። እኔ ሳስበው ያን ጊዜ ከነገሩ ሁሉ በጣም ያናደደኝ ይህ አለመፍጠኑ ነው። በኋላ ግን ገባኝ። በመጨረሻ እጅጌውን ቀጥ አድርጎ ዘንጉ ላይ አስቀመጠና እጁን አነሣ። እጅጌው በራሱ ክብደት፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ለሁለተኛው ቀን ሥራ ስንት ነው አልኩት። «ቁጠሪልኝ ብዬሽ አልነበረም? ሠራተኛዬ ነበርሽ» አለ። በግድ አምስት ሺህ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ከበሩ ጠራኝና ሁለቱን ሺህ መለሰልኝ፤ «ለሦስቱ መኪና» አለ።

እሑድ

ግርማ ቅዳሜ ማታ ዘንጉን መልሶ ካምቢዮውን ዘጋ። ታደሰ ከአልጋው በግድግዳው በኩል የቁልፉን ድምፅ እየሰማ፣ «አጠበቅከው?» ይል ነበር። ይህን ብቻ።

እሑድ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ተነሣ። ግርማ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ሄደች። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ሦስተኛው መንገድ ላይ ውኃው እስከ በሩ ደረሰ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ግርማ አማተበ፣ እኔም አማተብኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ በር ላይ ቆማ ነበር። ታደሰን ባለ ጎማ ወንበር ላይ ስናስቀምጠው አየችውና ወዲያው እየገፋች አስገባችው።

አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከእጥበቱም በኋላ እስኪበረታ አቆዩት። ሲወጣ ፊቱ ከእብጠቱ ግማሹን ጥሎ ነበር። ነርሷ፣ «ረቡዕ» አለችው በጣቷ እያስፈራራች።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት፣ ከግርማ ጎን ተቀመጠ። አርካዊት ስንደርስ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘነበለ።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ ድምፅ አለ።»

«የለም፣ ጋሼ።»

«አለ። ቀለበቱን በብረት ነው የመታኸው። በእንጨት አልኩህ እኮ።»

ግርማ በመስታወቱ አየኝ። ታደሰ ከዚያ እስከ ማዮ አላረፈም። ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ዘይቱ ዓይነት፣ በባሕሪ ስለከፈልኩት ዋጋ፣ ሐፍላ ውስጥ ሰም እግር ሥር ስለሚያስቀምጥ ሰው። ሌላ ቀን ቢሆን፣ በቃህ እለው ነበር።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ብዙ አይደለም። ዘንግ እያለ ሰም አይላክም። የማይቸኩል ሠራተኛ ካገኛችሁ ሰዓታችሁን አታሳዩት። የታመመ ሰው የሠራውን ነገር መክፈት ሲያስፈልግ ደግሞ ከመክፈት በፊት እሱን ጠይቁት፤ ጊዜ ቢወስድም።

ግቢያችን ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ታደሰ በሩን ይዞ በራሱ ወረደ። መኪናዋን ዞር ብሎ አየና፣ «መጠባበቂያ የሚሆን ሁለተኛ እጅጌ ማስቆረጥ አለብን» አለ።

«እኔ ባሕሪ አልሄድም» አልኩት። «ክረምቱ ሲወጣ ራስህ ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ» አለ።

እመቤቴ ሆይ፣ እሄዳለሁ አለ። ገብቼ ቂጣ ቆረስኩ።